ቢጫው መብራትና ባለማኅተሙ ወረቀቴ

አዋሽ ሰባት ኪሎ ውስጥ «ዶክተር» እየተባልኩ የምጠራበት ጊዜ ነበር። ሰው አክሜ አላውቅም። የማክመው መኪና ነው፤ ለዚያውም ኤሌክትሪኩን ብቻ። ማዕረጉን የሰጠችኝ ከዱባይ የመጣች፣ ጥቁር ሻንጣ ውስጥ የምትተኛ አንዲት ማሽን ናት። ገመዷን ከመሪው ሥር ትሰካለህ፣ ትንሽ ታስባለች፣ ከዚያ የመኪናውን በሽታ በኮድ ትነግርሃለች። ከእሷ በፊት እንደማንኛውም የመኪና ኤሌክትሪሺያን በቴስተርና በጣቴ ነበር የምሠራው፤ ሽቦ እየተከተልኩ፣ የተቃጠለ እያሸተትኩ፣ አንዳንዴም እየነዘረኝ። እሷ ከመጣች በኋላ ግን ሽቦ መከተል ለተራ ሰው የሚተው ሥራ ሆነብኝ። ነጭ ጋውን አሰፋሁ፣ ክብ ማኅተም አስቀረጽኩ። በአዋሽ ሙቀት፣ በግሪስ መሃል፣ ነጭ ጋውን። ዛሬ ሳስበው ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

ጋራዤ ከባቡር ጣቢያው ወረድ ብሎ ነበር። ባቡሩ መምጣት ካቆመ ወዲህ ወደ ጣቢያው ሰዓት አክብሮ የሚገባው ፍየል ብቻ ነው፤ የከተማው ሕይወት ወደ ጅቡቲ በሚወርዱትና ከጅቡቲ በሚወጡት ተሳቢዎች ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ለእኔ ደግ ጊዜ ነበር። በዚያ መንገድ ላይ ማሽን ያለው ሰው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አምን ነበር፤ ሌላ ሰው ያለው መሆኑን ለማጣራትም አልደከምኩም።

አንድ ቀን ጠዋት ከሰመራ የአንድ መሥሪያ ቤት ፒካፕ መጣ። ሰመራ ያኔ ሕንፃዋ ከነዋሪዋ የሚበልጥ ከተማ ነበረች። መኪናውን ያመጡት ሹፌር ሃምሳዎቹን ያጋመሱ አፋር ናቸው፤ ረጅም፣ ከሲታ፣ ከታች ሽርጥ፣ ከላይ የመሥሪያ ቤቱን ካኪ ሸሚዝ የለበሱ። ከመሪው ፊት፣ ክሩስኮቱ ላይ፣ ቢጫዋ የሞተር መብራት በርታለች፤ መኪናው ጉልበት አጥቷል። ከገዋኔ ወዲህ ጭነት የጫነ ተሳቢ ሁሉ ጡሩንባ እየነፋ ሲያልፋቸው ነው የመጡት። ለሹፌር ከዚህ የባሰ ስድብ የለም።

ሹፌሩ ከመኪናው ወርደው እጃቸውን ታጠቡ። አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጡና «ከአፍዴራ ተነሣን» ብለው ጀመሩ።

እዚህ ላይ አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው፤ በዚያ አገር ስንት ዓመት ኖሬያለሁ። አፋር ወሬውን እንደኛ ቆራርጦ አይወረውርም። ዳጉ ይሉታል። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ከተገናኙ ይቀመጣሉ፤ አንዱ ከየት እንደተነሣ፣ ምን እንዳየ፣ ዝናብ የት እንደጣለ፣ የማን ግመል እንደጠፋ፣ አንድም ሳያስቀር ይናገራል። ሌላው አያቋርጥም። ሲያልቅ ተራው ይደርሰዋል። መጨመርም መቀነስም ነውር ነው፤ በዚያ በረሃ በተሳሳተ ወሬ ውሃ ፍለጋ የወጣ ሰው አይመለስምና። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አውቄም፣ ሰውዬው ገና አፍዴራ ሐይቅ ዳር ሳሉ አቋረጥኳቸው።

«ጋሼ፣ እሱን ይተዉት» አልኩ ማሽኔን ከሻንጣዋ እያወጣሁ። «ይቺ ራሷ ትነግረኛለች።»

ማሽኗን ከላይ እስከ ታች አዩዋት። እሳቸው ለሁሉም ሰው «አንተ» ነው የሚሉት፤ እኔንም ከዚያ አላወጡኝም።

«አብራን ነበረች?» አሉኝ።

ከልቤ ሳቅኩ። ያንን ጥያቄ ሳምንቱን ሙሉ በየሻይ ቤቱ እንደ ቀልድ ሳወራው ከረምኩ። ምን ያህል ትክክለኛ ጥያቄ እንደነበር ለመረዳት አንድ ወር ፈጀብኝ፤ ዶክተር ነኛ።

ማሽኗም እንደ ልማዷ አሰበችና ኮዷን አወጣች፤ ከነዳጅ ፔዳሉ ሴንሰር የሚመጣው ኤሌክትሪክ ዝቅ ብሏል። ምን ይፈለጋል? ሴንሰሩ ሞቷል ማለት ነው። እንግዲህ ኮድ የሚለው ምን እንደታመመ ሳይሆን የት እንዳመመው መሆኑን ማንኛውም የሙያው ጀማሪ ያውቃል። ሆዱን ያመመው ሰው ሁሉ ሆዱ ተቆርጦ አይወጣለትም። እኔ ግን ጀማሪ አይደለሁም። አዲስ ሴንሰር ከአዲስ አበባ አስመጣሁ፣ አሮጌውን ነቅዬ ጣልኩ፣ ኮዱን በማሽኗ አጠፋሁ። ሞተሩን በደንብ ለመስማት ኤሲውን ዘጋሁና አስነሣሁት። መብራቷ ጠፍታለች፣ ጉልበቱ ተመልሷል። ሹፌሩም «አልሃምዱሊላህ» ብለው ሄዱ።

ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ተመለሱ። አሁን ብቻቸውን አይደሉም፤ ጋቢና ውስጥ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ተቀምጠዋል። ኃላፊው እንደኔው ከደጋ የመጡ፣ በዚያ ሐሩር ከረባት የማይፈቱ ሰው ናቸው። አዲስ አበባ ስብሰባ ነበረባቸው፤ መኪናው ግን ሚሌ ላይ ቢጫ መብራቱን አብርቶ እንደ አህያ እየተጎተተ አዋሽ አድርሷቸዋል። ፊታቸው ቲማቲም መስሏል።

ማሽኔን ሰካሁ። ያው ኮድ።

እንግዲህ ሁለት ነገር ብቻ ነው ሊሆን የሚችለው። ወይ እኔ ተሳስቻለሁ፣ ወይ ዓለም ተሳስቷል። የትኛውን እንደመረጥኩ መናገር አያስፈልግም።

«ይሄን የሴንሰሩን ሶኬት ነክተውታል?» አልኳቸው ሹፌሩን።

ማንም አላያቸውም። «ኧረ እኔ የት አውቄው» ቢሉ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እኔ ብሆን እንደዚያ ነበር የምለው፤ አንተም አንባቢው ብትሆን ያው ነው፣ አንዋሽ።

«ነክቻለሁ» አሉ። «ሚሌ ላይ መብራቷ ስትመጣ ነቀልኩት። በሽርጤ ጠረግኩት። መለስኩት።»

ኃላፊው ከረባታቸውን አስተካከሉ። «በጽሑፍ ስጠኝ» አሉኝ። ጥፋተኛ ያጣ ኃላፊ እንዴት ያለ ጭንቅ ውስጥ እንደሚገባ፣ ሲያገኝስ እንዴት እንደሚተነፍስ ያን ቀን አየሁ። እኔም ተነፈስኩ፤ ጥፋተኛው እኔ አይደለሁማ። በጥሩ የእጅ ጽሑፍ «ዕቃው ሙያ በሌለው ሰው በመነካካቱ ለብልሽት ተዳርጓል» ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩ። ማኅተሜንም ትፍ ትፍ ብዬ መታሁበት።

«ምን አልክ ወረቀቱ ላይ?» አሉኝ ሹፌሩ። ማንበብ አይችሉም። አነበብኩላቸው።

«መንካቱ እውነት ነው» አሉ። «መብራቷ ግን ከመንካቴ በፊት ነው የመጣችው።»

«እሱን ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ይናገሩታል» አሉ ኃላፊው። «እስከዚያ ቁልፉን ያስረክቡ።»

ሹፌሩ ያንን መሥሪያ ቤት ከተከፈተ ጀምሮ ነድተዋል። መሪ መያዝ ነው የሚያውቁት፤ ሰባት ልጅ ያሳደጉት፣ ዘመድ አዝማዱም «ሾፌሩ» እያለ የሚጠራቸው በዚያ ነው። ቁልፉን ከሸሚዛቸው ኪስ አወጡ። እንዳይቧጨር በጨርቅ ጠቅልለው ነበር የያዙት። ከነጨርቁ ኮፈኑ ላይ አስቀመጡትና ወደ አስፋልቱ ወጥተው ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ባዶ ተሳቢ ላይ ተሳፈሩ። እኔ በተጠባባቂ ያስመጣሁትን ሁለተኛ ሴንሰር ገጠምኩ፣ ኮዱን አጠፋሁ፣ ኃላፊው ራሳቸው እየነዱ ወደ ስብሰባቸው ወጡ።

ቅር አላለኝም አልልም። ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው። ወረቀቱ ተጽፏል፣ ማኅተሙ ደርቋል፣ እኔም ደረቅሁ።

በሁለት ሳምንቱ ስልክ ተደወለ። ሞባይል ገና በየኪሱ በገባበት ሰሞን ነው፤ ግማሹ ቃል በነፋስ ይሄድ ነበር፤ የኃላፊው ቁጣ ግን ሳይቆራረጥ ደረሰኝ። መብራቷ እንደገና በርታለች። መኪናውን ከእሳቸው በቀር የነካው ሰው የለም። እሳቸው ደግሞ ሶኬት መንቀል ይቅርና ኮፈን መክፈቻው የት እንዳለ አያውቁም። እንግዲህ በማን እናሳብብ? አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ማለት ይቺ ናት። ሻንጣዬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ በሚኒባስ ወደ ሰመራ ወረድኩ።

ሰመራ ስደርስ ረፋድ ነበር፤ በሰመራ ረፋድ ማለት ሌላ ቦታ እኩለ ቀን ማለት ነው። ፒካፑ ግቢው መሃል ፀሐይ ላይ ቆሟል። ማሽኔን ሰካሁ። ኮዱን ነገረችኝና ያንኑ ኮድ እንደገና ልትነግረኝ ስትል ስክሪኗ ጠቆረ። ሙቀቱ አሸንፏታል። ዶክተሯ ራሷ ታመመች። እርጥብ ጨርቅ ላድርግላት ብዬ ጥላ ፈለግኩ፤ በዚያ ሁሉ ግቢ ውስጥ ጥላ ያለው መኪና ማቆሚያው ቆርቆሮ ሥር ብቻ ነው። እዚያ ደግሞ ሹፌሩ ምንጣፍ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ከሥራ ታግደዋል፤ ግን ውሳኔው እስኪነገራቸው በየቀኑ መጥተው መፈረም አለባቸው። የሚፈርሙት በጣታቸው ነው።

ሳያቸው ወደ ፀሐዩ ልመለስ ፈልጌ ነበር። እውነቴን ነው፤ ፀሐዩ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን ምንጣፉ ላይ ጠጋ አሉልኝ፣ ከጀሪካናቸው ውሃ ቀዱልኝ። ቢሮዎቹ ለምሳ ተዘግተዋል፣ እስከ ማምሻው አይከፈቱም። ማሽኗ ተኝታለች።

«ምን አለ?» አሉኝ።

ምን ይኖራል? ገዋኔ አጠገብ የሽንኩርት መኪና መገልበጡን ነገርኳቸው። አዋሽ ላይ ነፋስ የሻይ ቤት ጣሪያ መውሰዱን፣ የአንዱ ሰው ልጅ ማግባቱን። የማይረባ ወሬ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ አላቋረጡኝም። ሽንኩርቱ በየትኛው ጎን እንደፈሰሰ ሳልናገር ስቀር ጭንቅላታቸውን ትንሽ ዘንበል አድርገው ጠበቁኝ፤ እሱንም ነገርኳቸው።

ከዚያ ተራው የእሳቸው ሆነ። ያቋረጥኳቸው ቦታ ላይ ጀመሩ። አልተቆጡም፣ ሽሙጥም አልነበረበትም። ወሬው ከወር በፊት የተቆረጠው እዚያ ስለነበር ብቻ ነው።

«ከአፍዴራ ተነሣን። ሐይቁ ዳር መሬቱ ላልቶ ነበር፤ የጨው ውሃው ሞተር ድረስ ተረጨ። አላጠብነውም፣ ውሃ አልነበረም። ሌላ ቀንም ሄድን፣ ሌላ ቀንም። ከዚያ መንገድ ላይ ኮፈኑ ውስጥ ኳኳታ ሰማሁ። ቆምኩ። የባትሪውን መቀመጫ ጨው በልቶታል። በገመድ አሰርኩት። ሎግያ በያጅ ጋ ገባሁ። በያጁ ከባትሪው አጠገብ ያለችውን ጥቁር ሽቦ ፈታ። መቀመጫውን በየደ። ጥቁር ቀለም ቀባ፣ ሽቦዋ የምትታሰርበትንም ቀባ። ቀለሙ ሳይደርቅ ሽቦዋን አሰራት። ከሎግያ ስወጣ ኤሲ አበራሁ። ያኔ መብራቷ መጣች። ኤሲ ሲበራ ትመጣለች። ኤሲ ሲጠፋ ለመምጣት ትሰንፋለች።»

ወሬው ገና ብዙ ይቀረው ነበር፤ ከሎግያ በኋላ የዘመድ ሠርግም ነበረበት። እኔ ግን ለሁለተኛ ጊዜ ነውር ሠራሁ፤ መሃል ላይ ተነሥቼ ሮጥኩ።

ጥቁሯ ሽቦ እኛ በሙያው ማሳ የምንላት ናት። ኤሌክትሪክ ከባትሪው ወጥቶ ሥራውን ሠርቶ የሚመለስባት መንገድ ናት፤ እሷ ካልጠበቀች ደህናው ሴንሰር ሁሉ ይዋሻል። እንደ ኤሲ ያለ ብዙ ኤሌክትሪክ የሚበላ ነገር ሲበራ ደግሞ ውሸቱ ይብሳል። እኔ ሞተሩን በደንብ ለመስማት ኤሲውን ዘግቼ ነበር የፈተሽኩት። በሰመራ ኤሲ ዘግቶ የሚነዳ ሰው ያለ ይመስል።

ብሎኑን ፈታሁ። ከሽቦዋ ሥር የበያጁ ቀለም እንደ አዲስ ጫማ ያበራል። አዋሽ ላይ ሁለት ጊዜ አይቼው ነበር፤ እንዲያውም ጥሩ ተሠርቷል ብዬ አድንቄዋለሁ። የሽቦዋ ጫፍ ነጭ የጨው ቅርፊት ይዟል። በብርጭቆ ወረቀት ቀለሙንም ቅርፊቱንም ፈግፍጌ ንጹሑ ብረት ላይ አጠበቅኳት። በቴስተር ለካሁ፤ ልክ ነው። ሥራው ሻይ ጠጥቶ የመጨረስ ያህል እንኳ አልፈጀም። ሁለት ሴንሰር የተጣለው፣ አንድ ሰው ከሥራ የታገደው ለዚህ ነው።

«ጋሼ፣ ይምጡና ነዳጅ ይርገጡልኝ» አልኩ በደስታ።

«ቁልፍ እንዳልነካ ተከልክያለሁ» አሉኝ ከምንጣፋቸው ሳይነሡ።

ራሴ ገብቼ ረገጥኩ። ኤሲው እስከ መጨረሻው ተከፍቷል፤ መብራቷ የለችም። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ፣ ኮስተር ለማለት እየሞከርኩ «ለምን ይሄን ቀድመው አልነገሩኝም?» አልኳቸው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ለመጠየቅ እንዴት ያለ ፊት እንደሚያስፈልግ አሁን ነው የሚገባኝ።

«ጀምሬ ነበር» አሉ።

ኃላፊው ከምሳ ሲመለሱ መኪናው በርዶ ጠበቃቸው። ደስ አላቸው። «ምን ነበር?» አሉኝ። ምላሴ ላይ መልስ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ሌላ ብልሽት ነው፣ አዲስ ነው፣ ከበፊቱ ጋር አይገናኝም። ማን ያውቃል? ሹፌሩ አሥር እርምጃ ርቀት ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። አይከራከሩኝም፣ አይከሱኝም። ነገ ግን መንገድ ላይ የሚያገኛቸው ሰው «ምን አለ?» ይላቸዋል፤ እሳቸውም የሆነውን ሁሉ ይናገራሉ። ስለዚህ እውነቱን ተናገርኩ። ኅሊና ነው ብዬ አላመካኝም፤ ግማሹ ፍርሃት ነው። ብልሽቱ ከእሳቸው አይደለም፣ ወረቀቴ ስሕተት ነው አልኩ። ሁለተኛ ወረቀት ጻፍኩ፣ ያችኑ ማኅተም መታሁበት።

ኃላፊው አነበቡትና በሥርዓት አጣጠፉት። «ኮሚቴው ትናንት ወስኗል» አሉ። «ወደ ጥበቃ ተዛውረዋል። ዛሬ ነው የሚነገራቸው።»

«ወረቀቴ ስሕተት ነው እያልኩዎት እኮ ነው!»

«የመጀመሪያው የባለሙያ ማስረጃ ነው። የአሁኑንም ከፋይሉ ጋር እናያይዘዋለን። ቅሬታ ካላቸው በጽሑፍ ያቅርቡ።»

በጽሑፍ። ጮህኩ፣ ኮሚቴው ፊት ልቅረብ አልኩ፣ ጸሐፊዋ ከበሩ ብቅ ብላ እስክታየኝ ተከራከርኩ። ስጽፍ ያን ያህል ቀሎኝ የነበረ ወረቀት ሲነሣ ተራራ ሆነ። ስወጣ ሹፌሩ ከግቢው በር አጠገብ ቆመው ነበር፤ ነግረዋቸዋል። በሩን ከፈቱልኝ።

«ወደ አዋሽ ነህ? በሰላም ግባ» አሉኝ።

«እሺ ጋሼ፣ ደህና ይዋሉ» አልኩና ሚኒባስ እንደሚያመልጠው ሰው ፈጥኜ ወጣሁ። ምንም የሚያመልጠኝ ሚኒባስ አልነበረም፤ ሎግያ ነው ያደርኩት።

በማግስቱ ጠዋት ሚኒባሱ ገዋኔ ላይ ለሻይ ቆመ። የወሎ ሴት የምታስተዳድረው ሻይ ቤት አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ዱላውን በትከሻው ያጋደመ አፋር መጥቶ ተቀመጠና ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ። ከሰመራ አልኩ።

«የሰመራው መኪና ወሬ ትናንት ማታ ደርሶናል» አለ። «አንተ ከዚያ ከመጣህ፣ ትክክል መሆኑን ንገረኝ።» ከዚያ ጀመረ። አፍዴራ፣ የጨው ውሃ፣ የሎግያው በያጅ፣ ጥቁሯ ሽቦ፣ ያልደረቀው ቀለም። አዋሽ ላይ ማሽን ያለው ሰው። ሹፌሩ ወሬ መጀመሩን፣ ሰውዬው አለመስማቱን። ሶኬቱ በሽርጥ መጠረጉን። ወረቀቱን፣ ማኅተሙን። ሰውዬው ኋላ ሰመራ ድረስ መጥቶ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ መስማቱን፣ ሽቦዋን ማሰሩን፣ ሁለተኛ ወረቀት ጽፎ ስለ ሹፌሩ መጮሁን። ሹፌሩ አሁን ዘበኛ መሆኑን።

ስሕተት ፈለግኩ። እግዜር ያሳያችሁ፣ አንድ ቃል ተጨምሮብኝ ቢሆን፣ አንድ ስድብ ቢኖርበት፣ በዚያ ተንጠላጥዬ መቆጣት እችል ነበር። ምንም የለም። የጮህኩትን ጩኸት እንኳ አላስቀሩብኝም።

«ትክክል ነው?» አለ።

«ትክክል ነው» አልኩ። «ሰውዬው እኔ ነኝ።»

አልደነገጠም። ዞር ብሎ በደንብ አየኝና «የቀረ አለ?» አለኝ።

ሻዬ በእጄ ነው። ለኮሚቴው ጽፌያለሁ፣ ለኃላፊው ተናግሬያለሁ፣ ፋይሉ ውስጥ ሁለት ማኅተም አለኝ። በሩን ሲከፍቱልኝ አጠገባቸው ነበርኩ።

«አንድ ቀርቷል» አልኩ። «ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም።»

ራሱን ነቀነቀ። እንዳይረሳው ይሁን እንጃ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አንድ ጊዜ ለራሱ ደገመው። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ታች የሚወርድ ተሳቢ አስቆመና ጋቢናው ውስጥ ገባ። መመለስ እችል ነበር፤ ተሳቢው ላይ ቦታ ነበረ። የሚኒባሱ ሹፌር ጡሩንባ ነፋ፣ ሻንጣዬን አነሣሁ። እኔ ወደ አዋሽ ወጣሁ፤ ወሬዬ ወደ ሰመራ ወረደ።